የብርድ ድርሻ

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር የመስኮቶቹ ብረት መከለያ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ በሩ ይቆለፋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ቀፊራ ገበያ በጨለማ ቆሞ በጨለማ ይበተናል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይከራከራሉ፤ ሐብሐብ የሚመረጠው በጣት ተመትቶ፣ ቲማቲም ደግሞ ተሽትቶ ነው። አርፍዶ ውጭ የቀረ ሰው ካለ ምሽት ላይ የሚያነሱት መኪኖች አሉ። ስለ መኪኖቹ ማንም አያወራም፤ ድምፃቸው ሲሰማ ግን ሁሉም ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ይቆጥራል።

ሶልያና መኩሪያ በዚህች ከተማ እንደ ሰው ከሚኖሩት አንዷ ነበረች። እንደ ሰው መኖር ማለት ብርድ የሚገባበት አንድ ክፍል ማግኘት ነው። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። ድሮ ሶልያና ሲባል የሕፃን ስም ይመስል ነበር፤ ዛሬ ሶልያናዎችና ናትናኤሎች ምርኩዝ ይዘው ነው የሚሄዱት። ድሬ ደግሞ እንደ ልማዷ አንቱታ አታውቅምና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ሶሊ» እያለ ይጠራታል። እሷም መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን የመጣች ሰሞን ነገሩ ይከነክናት ነበር፤ ኋላ ግን ተወችው።

ወደ ክፍሏ የሚገባው ብርድ የራሷ አልነበረም። ከቀድሞ ባሏ ከኪሩቤል ነው የሚመጣው። ኪሩቤል ለየቤቱ ብርድ የሚያከፋፍለው የብርድ ማደያ ሠራተኛ ነው፤ ማደያው ለሠራተኛው ከደመወዙ ጋር ብርድ ይሰጣል። ሲፋቱ ዳኛዋ ነገሩን አይታ ብርዱን ለሁለት ከፈለችው። ሶልያና በወጣትነቷ የነርስነት ሥራዋን ጥላ ባሏን ተከትላ ቆላ ወርዳለች፣ ልጅ አልወለደችም፣ ወደ ደጋ እንዳትመለስ ደግሞ ደጋው ሞልቷል ተብሎ መንገዱ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ኪሩቤል እስከሠራ ድረስ የሶልያና ክፍል ይቀዘቅዛል ተብሎ ተወሰነ። ጡረታ የወጣ ሰው ግን የሚደርሰው የአንድ ሰው ብርድ ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው ብርድ ደግሞ ለሁለት አይከፈልም። ይህን ሶልያና ሁልጊዜም ታውቀው ነበር፤ ሰው መሞቱን እንደሚያውቀው ነበር የምታውቀው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ መከለያው ከወረደ በኋላ፣ ግድግዳው ተናገረ። የቀድሞ ባለቤትዎ አቶ ኪሩቤል ጡረታ ጠይቀዋል አለ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ቤትዎ ይሁኑ አለ። ከዚያ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ መልካም ቀን ተመኘላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍርድ ቤቶች በባልና ሚስት ጉዳይ ሲጨናነቁ፣ ሕዝቡ ከዳኛ ይልቅ ሽማግሌ ያምናል ተባለና ሽማግሌነት ሕግ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሰዎች አይደሉም። በግድግዳው ላይ ይመጣሉ፣ ይለምናሉ፣ በመጨረሻም ይመርቃሉ። የተመረቀው ሰው አሜን ካለ ጉዳዩ ተዘጋ። ካላለ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ የጠያቂውም ጥያቄ ይወድቃል። ማንም አይገደድም። ምርቃት እየሰማ አሜን ሳይል መቀመጥ የሚችል ሐበሻ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሶልያና ወደ ጎረቤቷ ወደ ፈቲያ የሄደችው በማግሥቱ፣ ገና ጨለማ ሳለ ነው። ፈቲያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሚሠራው ልጇ ብርድ እየተጋራች የምትኖር፣ ሁሉን ነገር አስቀድማ የምትሰማ ሴት ናት።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለች ፈቲያ የወሬውን ፍሬ ከሰማች በኋላ። «አታልቅሺ፣ አትከራከሪ፣ ስለ ትዳርሽም አታውሪ። ቃል ሲሰሙ ነው የሚይዙሽ። ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ነዋ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም።»

«ቢመርቁኝስ ፈቲያ? ከአፌ ቢያመልጠኝስ?»

ፈቲያ ትንሽ አሰበች። «ውሃ ያዢ» አለች። «አፍሽን ውሃ ሙዪው፣ ጉንጭሽ እስኪነፋ። እህቴ ባትሰማኝ ነው እንጂ ይህን ነግሬያት ነበር።»

የፈቲያ እህት የት እንደገባች ሶልያና ታውቃለች። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው አዳራሽ ነው የገባችው፤ ብርድ የሌላቸው ሰዎች ቀን ቀን የሚጠለሉበት። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ማቀዝቀዣው ግን አንድ ነው። የገቡት አሮጊቶች መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ገበያ ላይ ይታያሉ፤ እየቆየ አይታዩም።

ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ኪሩቤልን አገኘችው። ቀፊራ ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ አጠገቧ የሚያነክስ ሰው ቆመ፤ በአተነፋፈሱ አወቀችው። ከተፋቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ተጣልተውም አያውቁም፤ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ለበዓል በስልክ ይጠያየቃሉ። የሻጩ መብራት ለአፍታ ሲበራ ፊቱን አየችው። አፍንጫውና ጆሮው ተቃጥሎ ተልጧል። የኪሩቤል ሥራ ጣሪያ ላይ ነው፤ የማደያው ማሽኖች አቧራ ሲጠጡ የሚያጥባቸው እሱ ነው፣ ማሽኖቹም አቧራ የሚጠጡት በቀን ነው። የሚያቀዘቅዝ ሰደርያ ይሰጡታል። ሰደርያው ለወጣት ነው የተሠራው።

«ነገሩሽ አይደል?» አላት።

«ነገሩኝ።»

«ወድቄ ነበር ሶሊ። ጣሪያው ላይ። ሙቀቱ እንደ ብረት ምጣድ ነበር፤ እጄን ሳሳርፍ ቆዳዬ እዚያው ቀረ።» የታሰረ እጁን አሳያት። «ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ከወጣህ አትወርድም ብሎኛል።»

ሶልያና ሽንኩርት መምረጧን ቀጠለች።

«ፍቀጂልኝ ልልሽ አይደለም የመጣሁት» አለ። «ምን እንደምልሽ ስለጠፋኝ ነው የመጣሁት። አቦ፣ አልችልም። አንቺን አስቤ ስንት ዓመት ወጣሁ። አሁን እግሬ እምቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ ኪሩ።»

«አትፈቅጂም ደግሞ።»

«እኔም እሞታለሁ እኮ» አለች። ከቁጣ አልነበረም፤ እንዲሁ ሐቁን ነው የነገረችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሽንኩርቷን ተሸክሞላት እስከ መታጠፊያው ሸኛት፤ መከለያው ሊወርድ ስለሆነ ብዙም አልቆዩም።

ያን ቀን ሙሉ ጨለማ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ አሰበች። ይሙት ልትለው አልቻለችም። እኔ ልሙትለት ማለትም አልቻለችም። ሃያ ዓመት በሰላም የኖሩ ሁለት አዛውንቶችን አንድ ምድጃ ላይ ጥዶ ማን ይውረድ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው ብላ ተናደደች፤ የምትናደድበት ሰው ግን አላገኘችም። ግድግዳው ጨዋ ነው። በመጨረሻ እምቢ ለማለት ወሰነች። ኪሩቤል ወንድ ነው፣ ማደያው ውስጥ ወዳጆች አሉት፣ አንድ ጥላ ያለው ሥራ ይፈልጉለታል እያለች ራሷን አሳመነች። ውሸት መሆኑ ጠፍቷት አይደለም።

ቅዳሜ ቤቷን ጠረገች። የሚመጡት ሰዎች አለመሆናቸውን እያወቀች ሦስት ወንበር ወለወለች። ሽማግሌ የሚባል ነገር ወደ ቤቷ ሲመጣ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ የመጡት ደብረ ብርሃን፣ አባቷ ቤት ነበር፤ ኪሩቤል ነው የላካቸው። አባቷ መኩሪያ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ነበር። ልጄን ለቆላ አልሰጥም ብሎ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሳቸው። ሶልያና ግን ሄደች። ከሄደችም በኋላ በየዓመቱ በስልክ ድምፅዋን ትልክለት ነበር። «አባዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ መርቀኝ ብቻ» ትለዋለች። አንድም ቀን ሳይመልስላት ሞተ። ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ከሁሉም በላይ የጎዳት የቱ እንደሆነ ብትጠየቅ ፍቺው አይደለም፣ ቆላ መቅረቷም አይደለም፤ ይኸኛው ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ አፏን ውሃ ሞላችና ተቀመጠች።

ግድግዳው በራ። ሦስት ሰዎች ነጠላ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው ቆሙ። ሶልያና ሳታስበው ብድግ አለች፤ ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጢሙ የነጣ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። ስለ ኪሩቤል እጅ፣ ስለ እግሩ ተናገረ። ሁለተኛው ስለ እሷ ደግነት ተናገረ፣ መንደሩ ሁሉ እንደሚያመሰግናት። ሶልያና ጉንጯን ነፍታ ወለሉን አየች። እስካሁን መልካም ነው ብላ አሰበች።

ሦስተኛው ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ቆይቶ ነበር። እጁን አወረደ።

«ሶልዬ» አለ።

መኩሪያ ነበር። የቆዳ ቆቡን አድርጓል። ግራ ዓይኑ እንደ ድሮው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ሌሊት መንዳት ከጀመረ ወዲህ ነው እንዲያ የሆነው። ሶልያና ወንበሩን ያዘች።

«አፍሽ ውስጥ ምንድነው? ውሃ ነው? ዋጪው ልጄ፣ ያንቅሻል።»

ዋጠችው። እንደ ልጅነቷ፣ መድኃኒት ዋጪ ስትባል እንደምትውጠው።

«ያኔ ሽማግሌ መለስኩ» አለ መኩሪያ። «ሰው የላካቸውን፣ ደጄ ላይ የቆሙትን፣ ውሃ እንኳ ሳላጠጣ። አንቺንም አብሬ መለስኩሽ። ድምፅሽን እሰማው ነበር፤ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ትዕቢት ነው የያዘኝ። አሁን ደግሞ እኔው ሽማግሌ ሆኜ ደጅሽ መጣሁ። ብትመልሺኝ የእጄን ነው፤ ቅር አይለኝም።»

ሶልያና ይህ አባቷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ድምፁን ከየት እንዳመጡት፣ ቃሉን ከየትኛው መልእክቷ ላይ እንደቆነጠሩት ሳይቀር መገመት ትችላለች። ነርስ ነበረች፤ የሞተ ሰው አይታለች። የሞተ ሰው አይመጣም። ይህን ሁሉ እያወቀች እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር።

መኩሪያ ዘንጉን አስደግፎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ሳልመርቅሽ ሄድሽ፤ ይቅር በይኝ። ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎኑ ቀስ ብለው አሜን አሉ።

«እግርሽን እንቅፋት አይምታው።»

«አሜን» አሉ።

«ከእናትሽ ማኅፀን የወጣሽበት ቀን የተባረከ ይሁን። ልጄ ነሽ። ሁልጊዜም ልጄ ነበርሽ።»

«አሜን» አለች ሶልያና። ከአፏ አላመለጣትም። ቃሉን ይዛው ነው የኖረችው፤ ሰጪው እስኪመጣ ነው የጠበቀችው።

«ያንንም ሰው ከድካሙ ያሳርፈው።»

«አሜን» አለች። ምን እንደተባለ ሰምታለች። ዓረፍተ ነገሩን ዘልላ ማለፍ፣ ከንፈሯን መንከስ ትችል ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ነበራት። ነገር ግን አባት እየመረቀ መሐል ላይ ዝም ቢባል የቀደመውም እንደሚፈርስ ሆኖ ተሰማት።

ጉልበቱን ልትስም ወደ ፊት ሄደች። ጎንበስ ስትል ከንፈሯ ያገኘው ግድግዳውን ነው። ስዕሉ ጠፍቷል። ስለተስማሙ እናመሰግናለን የሚል ጽሑፍ ቀርቷል፤ እሱም ወዲያው ጠፋ።

ኪሩቤል ጡረታ በወጣ ቀን ምሽት መጣ። መከለያው እንደተነሳ በሯን አንኳኳ። ከዚያ በፊት ቤቷ ገብቶ አያውቅም፤ ደፍ ላይ ቆሞ ግባ እስክትለው ጠበቀ።

«አሜን አለች ሲሉኝ አላመንኩም» አለ ተቀምጦ። «ፈቲያ ውሃ አስይዛታለች ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ሰምቼ ነበር። እኔም አትፈቅድም ብዬ፣ የሥራ ጫማዬን አሰናድቼ ነበር የጠበቅኩት።»

«አባቴን ላኩት።»

ኪሩቤል አልገባውም። ደግማ ነገረችው። ፊቱ ላይ ያለው የተላጠ ቆዳ ሁሉ ሲገረጣ አየችው።

«ጋሽ መኩሪያን? እኔ እሳቸውን አልላክኩም ሶሊ። ሽማግሌ ላኩልኝ ነው ያልኳቸው፤ ማንን እንደሚልኩ አልነገሩኝም። እኔን እኮ ደጃፋቸው ላይ ውሻ የለቀቁብኝ ሰው ናቸው። እሳቸው ለእኔ ሊለምኑ?»

«ጥሩ አድርጎ ለመነ» አለች ሶልያና። ሳትወድ ሳቅ አለች፤ እሱም ሳቅ ሊል ሞክሮ አቃተው።

«ይግባኝ እንበል» አለ። «ሁለታችንም። ተመልሼ እገባለሁ እላቸዋለሁ። ጣሪያውን ቢከለክሉኝ መጥረግም ቢሆን እጠርጋለሁ።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ሰው ነው፣ ይሳሳታል።» ይህን ሲል የታሰረ እጁን ከጭኑ ሥር ደበቀ። ሶልያና ያን ስታይ፣ አንዱ ለሌላው ሊሞት የተዘጋጁ ሁለት ሰዎች ዘመናቸውን አብረው ሳይኖሩ መቅረታቸው አሳዘናት።

ይግባኙ የሚሰማው በዚያው ግድግዳ ነው። ጎን ለጎን ቆሙ፤ ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ ቆመው አያውቁም። ሶልያና ነጠላዋን አስተካከለች። ለምን እንደሆነ ባትናገረውም ኪሩቤል ገብቶታል፤ እሱም የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። አማቱ ፊት ሊቀርብ ነው።

ሽማግሌ ግን አልመጣም። ድምፅ ብቻ ነው የመጣው።

«ይግባኛችሁን ተመልክተናል። በምርቃት የተዘጋ ስምምነት በአንዱም ሆነ በሁለቱ ወገን ጥያቄ አይፈርስም። የአቶ ኪሩቤል የሥራ ቦታ ተሰርዟል። የወይዘሮ ሶልያና የብርድ ድርሻ ነገ መከለያው ሲወርድ ይቋረጣል።»

«እኔ እኮ ነኝ ያመለከትኩት» አለ ኪሩቤል። «እኔው ተውኩት እያልኩ ነው። የራሴን ጡረታ መተው አልችልም?»

«አይችሉም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር» አለ ኪሩቤል። «ወረቀቱን ተገላግለን ሞኙ ቀረልን።»

ሶልያና አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ቀረበች። ስለ ብርዱ የምትጠይቅ መስሎት ኪሩቤል ወደ ጎን አለላት።

«አባቴን አንድ ጊዜ ላነጋግረው?» አለች። «ለአፍታ ነው። ጉልበቱን ሳልስም ነው የሄደብኝ።»

«አቶ መኩሪያ የሚቀርቡት ከእርስዎ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሲኖር ነው» አለ ድምፁ። «ከእርስዎ የሚጠየቅ ፈቃድ የቀረ የለም። መልካም ምሽት።»

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ኪሩቤል የሶልያናን ፍራሽ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ሲሄድ ፈቲያ መንገድ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ሶልያና ወደ እሱ ክፍል ልትገባ አትችልም፤ የአንድ ሰው ብርድ ሁለተኛ ትንፋሽ ሲሰማ ይዘጋል። ይህንም ሞክረውታል፤ ሌሊቱን ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው፣ መዘጋቱን እያዩ፣ አንዳቸውም ውጣ ውጪ ሳይባባሉ አደሩ። ጎህ ሳይቀድ ሶልያና ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ዘበኛው ኪሩቤልን አስቆመው። ብርድ ያለው ሰው አይገባም። ሶልያና ፍራሹን ከእሱ ተቀብላ ራሷ ጎተተችው። ሰማዩ ቀልቷል፤ ኪሩቤል እያነከሰ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ማቀዝቀዣው በአዳራሹ መጨረሻ፣ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ነው። እዚያ አካባቢ ያሉት ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል። ወደ በሩ በተቀረበ ቁጥር ልብስ እየሳሳ፣ ሰው እየቀላ ይሄዳል። አዲስ የገባ የሚያርፈው በሩ ሥር ነው፤ ብረቱ ገና በጠዋቱ መጋል ጀምሯል። ሶልያና ፍራሿን ዘረጋች። ከአጠገቧ አንዲት ጥርስ የሌላት አሮጊት በክንዷ ደገፍ ብላ አየቻት፣ ከዚያም የውሃ ጣሳዋን ዘረጋችላት።

«አይዞሽ» አለቻት። «እዚህ በሩ ሥር ብዙ አትቆዪም። ወደ ውስጥ ቦታ ቶሎ ቶሎ ነው የሚለቀቀው።»

ሶልያና ጣሳውን ተቀበለች። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፣ ከውጭ ሲቆለፍም ሰማችው።